ለታንከሩ የቀረበ ምስጋና

አንድ በያጅ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት አስወግዶ ከጣለው ብረት መካከል አንድ የውሃ ታንከር አንሥቶ ለሁለት ቆረጠው። እግር በየደለት፤ በላዩ የፌሮ ፍርግርግ አጋደመበትና የከሰል መጥበሻ አደረገው። ሥጋ እየጠበሰ በመሸጥም ቤተሰቡን ማስተዳደር ጀመረ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ዘውገ፣ ከስብሰባ በቀር ሌላ ሥራ የማያውቁት ሰው፣ ይህን ሲሰሙ እየተንጎራደዱ መጡ።

«ብረቱ የመንግሥት ንብረት ነው» አሉት። «ነገ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። መጥበሻው በእኔ ድጋፍ መሠራቱን ተናግረህ በሕዝብ ፊት ታመሰግነኛለህ። አለዚያ አስጭኜ እወስደዋለሁ።»

«ምን ገደደኝ ጌታው፣ አመሰግናለሁ» አለ በያጁ።

በማግስቱ አቶ ዘውገ እንግዶቹን አስከትለው መጡና ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ። በያጁ እጁን ጠራርጎ ተነሣ።

«የተከበራችሁ እንግዶች፣ በሥራዬ ብዙ የውሃ ታንከር ቆርጫለሁ። ሁሉንም ያገኘኋቸው ውስጣቸው በዝገት ተበልቶ ስለሆነ ለመጥበሻ አልሆኑኝም። ይህኛው ግን ሰፈራችን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ተተክሎ ኖሮ ሲነሣ፣ ውስጡ ከፋብሪካ እንደወጣ ነበር። አቶ ዘውገ አንድ ቀን እንኳ ጠብታ ውሃ አላስነኩትም። ስለ ጥንቃቄያቸው ከልብ አመሰግናለሁ።»