የአያ ጅቦ ሞተርና በሞራ የተጠቀለለችው ናስ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ ጥርሱ ሳይወልቅ ሕጉም ሳይላላ በነገሠበት ዘመን፣ በአንድ ሰፊ ዋርካ ሥር ሞተር ሳይክል እየጠገነ የሚኖር ጫንያለው የሚባል ሽማግሌ አህያ ነበረ። ስሙን ያወጡለት ጀርባውን አይተው ነው። በወጣትነቱ እህል፣ በጉልምስናው ድንጋይ ሲጭኑት ኖሩ፤ ወገቡ ሲጎብጥ ሸክሙን ለሞተር አስረከበና እርሱ የሞተር ጠጋኝ ሆነ። ድካሙ ግን አልተራገፈለትም፤ ከጀርባው ወርዶ አጥንቱ ውስጥ ገባ እንጂ።

ዋርካው እንደ ደጀ ሰላም የተከበረ ነበር። አንበሳ እንዲህ ሲል አውጆለታል፦ «በጥላው ሥር ማንም ማንንም አይብላ። በጥላው ሥር የሚሠራም ሥራ ይዞ የመጣበትን አይመልስ፤ እውነቱንም አይሰውር።» ይህን ያፈረሰ ሠሪ ከጥላው ይባረራል። ከጥላው ውጭ ምን እንደሚጠብቀው ደግሞ ለአህያ አይነገርም።

በአንድ ሰኞ ማለዳ አያ ጅቦ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል እየገፋ፣ ምላሱን እያንጠለጠለ መጣ።

«አንተ ጫንያለው! ይህ ነገር ዳገት ባየ ቁጥር ይለምናል። በሜዳው እርሱ ይሸከመኛል፤ በዳገቱ እኔ እሸከመዋለሁ። ጉልበት ጨምርበት!»

«እንደምን አደርክ፣ አያ ጅቦ» አለ ጫንያለው ከተቀመጠበት ቀስ ብሎ እየተነሣ።

«ሰላምታ አልቸገረኝም፤ የቸገረኝ ጉልበት ነው። አዲስ ሞተር ግዛ እንዳትለኝ ደግሞ! ያለኝ ሁለት የፍየል ቆዳና አንድ የበሬ ቅልጥም ነው። ቅልጥሙንም መንገድ ላይ ጥቂት ቀምሼለታለሁ።»

ጫንያለው ተንበርክኮ ሞተሩን ከፊት እስከ ኋላ ዳሰሰው። እንዲህ ያለውን በሽታ ስንት ጊዜ አይቶት እንደሆነ ቆጥሮ አያውቅም። ገና ሳይናገር የሚመለስለትን መልስ ያውቀው ነበርና፣ ከመናገሩ በፊት ደከመው።

«አያ ጅቦ፣ ይህ ሞተር ጉልበት አላጣም፤ ታንቋል እንጂ። የአየር ማጣሪያው ፊልትሮ በአቧራ ተደፍኗል፤ ጎማውን የሚያዞረው ካቴና ረግቧል፤ የኋላው ፍሬንም ጎማውን ይዞ አይለቅም። እነዚህን ባስተካክልልህ ግማሹ ጉልበት ያለ ምንም ወጪ ይመለስልሃል።»

«ማጽዳት! ለማጠቡማ ወንዝ እወርድ አልነበር? እኔ ጨምርበት ነው ያልኩህ!»

በዚህ ጊዜ ከዋርካው ጥላ ማዶ ሳቅ ተሰማ። እመት ቀበሮ የሞተር ዕቃ ነጋዴ ነበረች። የሚያብረቀርቀውን ሁሉ እንደ ጸናጽል በቅርንጫፍ ላይ ሰቅላለች፤ ነፋስ ሲነካው እያንሿሿ መንገደኛውን ይጠራላታል።

«አያ ጅቦ ጌታዬ፣ ወደ እኔ ይበሉ! በቡሎን ታስሮ የሚያልቅ ጉልበት አለኝ፤ ሞተሩ ሳይከፈት፣ ጠብታ ዘይት ሳይፈስ! ይህ ሰፊ የጭስ ማውጫ ማርሚታ ነው፤ ሲጮኽ ተራራው ይቀበለዋል። ይህ ደግሞ ክፍት ፊልትሮ ነው፤ ነፋስ እንዳሻው ይገባበታል። ሁለቱም በአንድ ቆዳ!»

አያ ጅቦ ማርሚታውን አሸተተው፤ ላሰውም። ከዚያም ያለ ክርክር አንዱን ቆዳ ወረወረላት። «እሰርልኝ!» አለው ጫንያለውን።

ጫንያለው የመጣበትን መመለስ አይችልምና አሰረለት። ሳይለመንም ካቴናውን አጠበቀ፤ ፍሬኑንም አላቀቀ። የመጨረሻውን ቡሎን ካጠበቀ በኋላ መዳፉን በሞተሩ ላይ አኑሮ እንዲህ አለ፦

«እውነቱን ልንገርህ፤ ሕጉም ያዝዘኛል። የመግቢያውን አፍ አስፍተሃል፤ የመውጫውንም እንዲሁ። ስለዚህ አየሩ በዝቷል። ቤንዚኑ ግን በዚያችው በጥንቷ ጠባብ ቀዳዳ ነው የሚወርደው። ይህ ሞተር ከዛሬ ጀምሮ ብዙ ይተነፍሳል፣ ጥቂት ይበላል። አክፍሎት የያዘ ሰው የወፍጮ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት አይወጣም፤ የወጣ እንደ ሆነ ገላው ራሱን ይበላል።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ከገብስ ቅንጣት የማትበልጥ አንዲት ናስ አለችኝ። ቀዳዳዋ ከነባሯ ጥቂት ሰፋ ያለ ነው። ከካርቡሬተሩ ውስጥ ገብታ ቤንዚኑን እንደ አየሩ መጠን ትለቅቃለች። ዋጋዋ አንድ የዶሮ አጥንት ነው።»

አያ ጅቦ ዓይኑን አጠበበ። «ትጮኻለች?»

«አትጮኽም።»

«ከውጭ ትታያለች?»

«አትታይም።»

«ታዲያ ጎረቤት በምን ያውቃታል?» አለና ሞተሩን አስነሣው። ማርሚታው ሲያጓራ የዋርካው ወፎች በአንድ ጊዜ በረሩ። አያ ጅቦ በሳቅ እየተንፈራፈረ በሜዳው ነጎደ። ጫንያለውም ጆሮውን ጥሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ረቡዕ ዕለት ያው ጩኸት ተመለሰ፤ ነገር ግን በመካከሉ ሳል ገብቶበት ነበር።

«ያስላል!» አለ አያ ጅቦ። «ደግሞም ያተኩሳል። እግሬን ጠበሰኝ!»

ጫንያለው እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቶ አሳየው። ጫፉ እንደ አመድ ነጥቷል። «ተመልከት። በደንብ የበላ ሞተር ካንዴላው የተቆላ ገብስ ይመስላል። የአንተው ነጭ ነው፤ ረሃብ ነው የሚያነጣው። ናሲቱን ላግባልህ፤ አጥንቱም ይቅር።»

«እንዴት ያለ ሟርተኛ ነው!» አለች እመት ቀበሮ ከማዶ። «አያ ጅቦ፣ የነጣውን አውጥተው ቀዩን ያስገቡ፤ ያው ነው!» አንገቱ ቀይ ቀለም የተቀባ ካንዴላም አቀበለችው። ሁለተኛው ቆዳ በዚህ ሄደ፤ ቅልጥሙም በዕዳ ተያዘ።

ጫንያለው ሁለተኛ አልተከራከረም። ቀዩን ካንዴላ አስገባ። አያ ጅቦ ሲሄድ ናሲቱን ከትንሽ ቀንድ ውስጥ አውጥቶ አያት። አቧራ እንዳይደፍናት በበግ ሞራ ጠቅልሏት ነበር። መልሶ አኖራት።

አርብ ጠዋት ፀሐይ ገና ስትወጣ፣ እመት ቀበሮ የበሬውን ቅልጥም እየጋጠች ወደ ጫንያለው ቀረበች። የቀረውን ዕዳ ሁሉ ተቀብላ ጠግባለች፤ የጠገበ ቀበሮ ደግሞ ምስጢር አይቋጥርም።

«አባ ጫንያለው፣ እርስዎ እኮ ከልብዎ ነው የሚጨነቁለት! ዳገቱን ለምን እንደ ፈለገው ቢያውቁ ኖሮ ያቺን ናስ ጉድጓድ ምሰው በቀበሯት ነበር።»

«ለምን ፈለገው?»

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«አርብ ነው።»

«በአርብ ጠዋት በጨው ዳገት የሚወጣው ማነው?»

ጫንያለው ቀና ብሎ አየ። ከዋርካው ፊት ለፊት፣ ከሸለቆው ማዶ፣ ዳገቱ ወለል ብሎ ይታያል። በየሳምንቱ አርብ ዘመዶቹ ጨው ያለበትን አፈር ሊልሱ በዚያ ይወጣሉ። አሁንም መስመር ሠርተው መውጣት ጀምረዋል። ከሁሉ በስተኋላ ቀስ እያለች የምትሄደው ልጁ ቦሪት ነበረች፤ የመውለጃዋ ወር ስለ ገባ እርምጃዋ ከብዷል። አያ ጅቦ አንካሳ በመሆኑ በእግሩ ደርሶባቸው አያውቅም። በሞተር ግን...

ጫንያለው ጉሮሮውን ዘርግቶ አናፋ። ድምፁ እስከ ሸለቆው አፋፍ ሄደና ወደቀ። እንደ ገና አናፋ። ማዶ ያሉት ቀና እንኳ አላሉም። በጉልምስናው ቢሆን ሦስት ተራራ ያሻግረው ነበር፤ አሁን ግን ትንፋሹ ከደረቱ አልፎ ብዙም አይርቅም።

ከዚያ አያ ጅቦ መጣ። ሞተሩ ያጓራል፣ ያስላል፣ ያጓራል።

«ፈጥነህ ሥራልኝ!» አለ ሳይወርድ። ዓይኑ ወደ ማዶው ዳገት ነው፤ ለሐጩም ይንጠባጠባል። «ዛሬ ማሳል የለበትም። ዛሬ እፈልገዋለሁ!»

ጫንያለው ናሲቱ ያለችበትን ቀንድ አነሣ። እምቢ ቢል ሕጉ ይጥለዋል። «ምንም አልጎደለበት» ቢልም ሕጉ ይጥለዋል። መጣሉን አልፈራም፤ ከዚህ በኋላ የሚበላ ሥጋም አልቀረውም። ነገር ግን ይህን ጥላ ያቆመው የአንበሳ ክርን ብቻ አይደለም፤ በሥሩ የሚሠራው ሁሉ ቃሉን ስለ ጠበቀ ነው። «ዛሬ እኔ ባፈርሰው፣ ነገ የቦሪት ግልገል ዝናብና ጅብ ሲያሳድዱት በማን ጥላ ይገባል?» ሲል አሰበ። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ቦሪት በማዶው ዳገት ቆማ ስታርፍ አያት። በሕይወቱ ብዙ ጭነት ተጭኗል፤ እንደዚያች እንደ ገብስ ቅንጣት የከበደው ግን አልነበረም።

ሞራውን ከቀንዱ አውጥቶ በመዳፉ ዘረጋ።

«ለሦስተኛ ጊዜ እነግርሃለሁ፣ አያ ጅቦ። ጉልበትህ ይህች ናት። ይህች ከገባች ዳገቱን እንደ ሜዳ ትወጣዋለህ። ይህች ሳትገባ ዳገቱን በሙሉ ኃይልህ ብትጋልበው ግን ሞተሩ በራሱ እሳት ይቃጠላል። ለማስገባት ካርቡሬተሩ መፈታት አለበት፤ አሁን እንደ ፍም ስለ ጋለ እስኪበርድ ድረስ ጥቂት ታገሥ።» አንዲት ቃል አላጎደለም።

«እስኪበርድ?» አያ ጅቦ ወደ ዳገቱ አየ፤ የመጨረሻይቱ አህያ ወደ መታጠፊያው ልትደርስ ጥቂት ቀርቷታል። ወደ ጫንያለው መዳፍም አየ። የበግ ሞራው ሸተተው። አፍንጫው ተነፋ። «ይህ... ሞራ ነው?»

«ሞራው መጠቅለያው ነው። ዋናው ውስጡ...»

አያ ጅቦ ምላሱን አንድ ጊዜ ዘረጋ። መዳፉ ባዶ ሆነ።

«በላሃት?» አለ ጫንያለው።

«ትግባ አላልክም? ይኸው ገባች!» አለ አያ ጅቦ ከንፈሩን እየላሰ፤ ከጥላውም ወጥቶ ወደ ሸለቆው ተወረወረ።

እመት ቀበሮ እየሳቀች መሬት ላይ ተንከባለለች። ጫንያለው አልሳቀም። ባዶ መዳፉን እንደ ዘረጋ፣ ዓይኑን ከማዶው ሳይነቅል ቆሞ ቀረ።

ማርሚታው በሸለቆው ውስጥ ሲያጓራ፣ እመት ቀበሮ እንዳለችው ተራራው ተቀበለው። የሽማግሌው ማናፋት ያልደረሰበትን ስፍራ ያ ጩኸት ደረሰበት። አህዮቹ ሁሉ በአንድነት ጆሯቸውን አቆሙ፤ ወዲያውም ሽቅብ ሮጡ። ቦሪት ግን መሮጥ አልቻለችም። ቶሎ ቶሎ ትራመዳለች እንጂ።

አያ ጅቦ ዳገቱን ያዘ። በመጀመሪያ ሞተሩ ከወትሮው ይልቅ በረረ፤ የሚሞት መብራት ሊጠፋ ሲል ቦግ እንደሚለው ነው። ግማሹን ወጣ። የቦሪትን ጅራት አየ። አፉን ከፈተ።

ያን ጊዜ ሞተሩ ከውስጡ አንድ ጊዜ «ቋ!» አለና ዝም አለ። የጋለው ፒስተን በቤቱ ውስጥ ተጣብቆ ነበርና የኋላው ጎማ ቀጥ ብሎ ተያዘ። ሞተሩ ሲቆም አያ ጅቦ አልቆመም። በመሪው ላይ ዘልሎ አፉን እንደ ከፈተ በጋሬጣው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ፤ ሞተሩም በላዩ ወደቀበት። ቦሪት ወደ ኋላ ሳትመለከት መታጠፊያውን አለፈች።

ከቀትር በኋላ አያ ጅቦ ሞተሩን እየገፋ፣ በሁለት እግሩ እያነከሰ፣ እሾህ በአፍንጫው ተሰክቶበት ወደ ዋርካው ተመለሰ። የእመት ቀበሮ ቅርንጫፍ ባዶ ነበር፤ ዕቃዋን ጠቅልላ ሄዳለች።

«አንተ ክፉ!» ብሎ ጮኸ። «ይህ እንደሚመጣ እያወቅህ ለምን አልነገርከኝም?»

ጫንያለው ቀና ብሎ አየው። ደስ አላለውም፤ አልተቆጣምም። «ሦስት ጊዜ ነገርኩህ፣ አያ ጅቦ» አለ። «አራተኛውን በላኸው።»

አያ ጅቦ ሆዱን ዳሰሰ፤ ከዚያም በጥላው ጠርዝ ተኮራምቶ እሾሁን ይነቅል ጀመር። ጫንያለው የመጣበትን መመለስ አይችልምና ቁልፉን አንሥቶ ሞተሩን ፈታው። ፒስተኑ ቀልጦ መካከሉ ተበስቷል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቦሪት በጥርሷ አንድ የጨው ጓል ይዛ በሌላው መንገድ ወደ ጥላው መጣች። አባቷ ለማን እንደሚሠራ ባየች ጊዜ ጓሉን ከአፏ ጣለችው።

«አባዬ! ለዚህ ነው የምትሠራለት?»

«ለዚህ ነው፣ ልጄ።»

«ደግሞ ሊያሳድደን?»

«አሁን ሞተሩ ሞቷል፤ የሚከፍለውም የለውም። የሞተበትን ምክንያት ነው የማሳየው።»

«ይሰማሃል ብለህ ነው?»

ጫንያለው ጨዉን አንሥቶ አንድ ጊዜ ላሰው። ቀኑን ሙሉ እህል ውኃ አልቀመሰም ነበር። «አይሰማኝም» አለ። «ደክሞኛልም። ግን እኔ ዛሬ የነገርኩትን እውነት ብደብቅ ኖሮ፣ አንቺን አሁን ቀና ብዬ በምን ዓይኔ አይሽ ነበር?»

ቦሪት ከጎኑ ተጋደመች። እርሱም የተበሳውን ፒስተን ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ በጥላው ጠርዝ ለተኮራመተው ጅብ፣ ቀዳዳው ከየት እንደ ጀመረ ያስረዳው ጀመር።

ከዚህ የምንማረው ጩኸትን ከጉልበት፣ መጠቅለያን ከምክር መለየት ያልቻለ ስግብግብ ያድነው የነበረውን እውነት ውጦ እንደሚጠፋ፣ እውነትን እየደከመም ቢሆን ሳያጎድል የተናገረ ግን ልጁን ቀና ብሎ ለማየት እንደሚበቃ ነው።