እመቤታችን ስለ ባዶው ካሜራ ያደረገችው ተአምር

ልጇን ወዳጇን ለምና ከጭንቅ የምታወጣ የእመቤታችን የድንግል ማርያም ተአምር ይህ ነው፤ የደከማችሁ ተቀመጡ፣ የቸኮላችሁም ጥቂት ታገሡ፣ ነገሩ ረጅም አይደለምና።

በወሎ ምድር ባለች በአንዲት ትንሽ ከተማ አስካለ የምትባል ፎቶ አንሺ ነበረች፤ ዘመኑም ፎቶ በፊልም የሚነሣበት ዘመን ነበረ። እርሷም እመቤታችንን ከልጅነቷ ጀምሮ እጅግ ትወድ ነበርና በየማለዳው ሱቋን ሳትከፍት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ትደግም ነበር፤ ደግሞም ካሜራውን ያወረሷት አባቷ ባረፉ ጊዜ በየወሩ በሃያ አንድ ቀን አንድ ድሀ ያለ ዋጋ አነሣለሁ ብላ ተስላ ነበርና ይህን ስእለት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳታጓድል ፈጸመች። ፎቶ ተነሥቶ የማያውቅ ሰው መልኩን በወረቀት ሲያይ ማየት ምሳዋ ነበረ፤ እውነት እንናገር ከተባለ ሌላ ምሳ ያልነበረባቸውም ቀናት ነበሩ።

ከዚያም ከመንገዱ ማዶ ባለ ቀለም ፎቶ የሚያነሣ አዲስ ፎቶ ቤት ተከፈተና ሙሽራውም ተመራቂውም ወደዚያ ጎረፈ፤ የአስካለ ሥራ ግን ጥቁርና ነጭ ነበርና የደንበኞቿ ወንበር አቧራ ለበሰ። ታላቅ ወንድሟ ይርዳው ባለ ወፍጮ ቤት ነበረ፤ ክፉ ሰውም አልነበረም፤ እኅቱ ስትከሳ ማየት ስለ ከበደው መጣና «አስኩዬ፣ አባባም ቢኖሩ ይበቃሻል ይሉሽ ነበር፤ እስከ ሰኞ አስቢበትና ወፍጮ ቤቱን ከእኔ ጋር ያዢ» አላት። የእርሷም ልብ ለሁለት ተከፈለ፤ ካሜራውን ብትተው አባቷን ዳግመኛ የምትቀብር መሰላት፣ ባትተውም የምትበላው የለም።

በዚያም ሳምንት ሃያ አንድ ቀን ማክሰኞ ዋለና እማማ ትርንጎ የሚባሉ አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን አጥበው፣ ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው መጡ። ልጃቸው ብርቄ በክፉ ቀን በአራት ዓመቷ ለአክስቷ ተሰጥታ ጅማ ያደገች ነበረችና «እናትዬ፣ መልክሽ ጠፍቶብኛል፤ ፎቶሽን ላኪልኝ» ብላ ጽፋላቸው ነበር፤ እርሳቸውም እግራቸውን ስለሚያማቸው እስከ ጅማ መሄድ አይሆንላቸውም ነበር።

አስካለ ግን የመጨረሻውን ፊልም ባለፈው ሳምንት ጨርሳ ነበርና በካሜራው ውስጥ ምንም አልነበረም። «ፊልም የለኝም» ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል፣ ወገኖቼ? ሁለት ብቻ ነው፤ እርሷ ግን ያንን የታጠበ ነጠላ አይታ ሁለቱን ቃል ከአፏ ማውጣት አቃታት። ስለዚህም ባልቴቲቱን አስቀመጠችና ነጠላቸውን አስተካክላ ባዶውን ካሜራ ቀጭ አደረገች፤ ከዚያም «ሐሙስ ይምጡ፣ እማማ» አለቻቸውና እርሳቸው መርቀዋት ሄዱ።

ብቻዋን በቀረች ጊዜም በግድግዳው ላይ ወዳለችው ሥዕለ ማርያም ቀና ማለት አልቻለችም፤ በእመቤቴ ቀን በእመቤቴ ፊት ድሀ አታለልሁ ብላ አምርራ አለቀሰችና ሙያውን ልትተው ቆረጠች። በማግስቱም ማለዳ ካሜራውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄደችና ተንበርክካ «እመቤቴ፣ ካሜራውን ውሰጂው፤ እማማ ትርንጎን ግን ነገ ምን ልበላቸው?» አለች። ከዚያም ወደ ዕቃ ቤቱ ጠባቂ ወደ አባ ኅሩይ ገብታ ካሜራውን ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጥ መምጣቷን ነገረቻቸው።

አባ ኅሩይም የመጣውን ስጦታ ሁሉ ሳይፈትሹ የማይቀበሉ፣ ጥላ እንኳ ቢሰጧቸው ዘርግተው የሚያዩ ጥንቁቅ ሰው ነበሩና «በውስጡ ምን አለ?» አሏት። «ባዶ ነው፣ አባ» አለች። «እንግዲያስ ከፍተሽ አሳዪኝ» አሏት። አስካለም ከመክፈቷ በፊት እንደ ልማዷ በካሜራው ራስ ላይ ያለውን የፊልም መጠቅለያ ቁልፍ በጣቷ ዞር አደረገችው፤ ካሜራው ባዶ ከሆነ መጠቅለያው እንዲሁ ይሽከረከራል፣ ፊልም ካለበት ግን ይከብዳል። መጠቅለያው ከበዳት። እንደ ገና ሞከረችው፣ አሁንም ከበዳት። ካሜራውንም ወደ ደረቷ አስጠጋችና «አባ፣ ባዶ አይደለም፤ አሁን ከከፈትሁት ብርሃን ገብቶ ያበላሸዋል» አለች። እርሳቸውም ነገሩ ባይገባቸውም ፊቷን አይተው «ይዘሽው ሂጂ፣ ልጄ» አሏት።

እየሮጠችም ወደ ሱቋ ተመለሰችና ጨለማው ክፍል ገብታ ፊልሙን አጠበችው፤ በፊልሙ ሁሉ ላይ አንድ ፎቶ ብቻ ነበረ፣ እርሱም የእማማ ትርንጎ ነበረ። የታጠበው ነጠላ፣ ከግራ ቅንድባቸው በላይ ያለችው ጠባሳ፣ ዓይናቸውም ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጥቶ ነበርና እንደዚያ ያለ ፎቶ አንሥታ እንደማታውቅ አስካለ እስከ ዕለተ ሞቷ ትናገር ነበር።

ሐሙስም እማማ ትርንጎ መጡና አስካለ ፎቶውን በእጃቸው ሰጥታ በእግራቸው ሥር ወደቀች፣ ማታለሏንም አንድ ሳታስቀር ተናዘዘች። ባልቴቲቱም አንሥተው አጠገባቸው አስቀመጧትና «ልጄ፣ የፊልሙን ነገር እኔ ከየት አውቄ፤ ነገር ግን ስታነሺኝ ዓይኔን ማየት አቃተሽና ይህች ልጅ አንድ ነገር ጎድሏታል ብዬ አዘንሁልሽ። ስመለስ በማርያም ደጅ ቆሜ የራሴን ጉዳይ ተውሁትና እመቤቴ፣ ይህችን ልጅ አታሳፍሪያት አልኋት» አሏት። አስካለም ጉልበታቸውን አቅፋ አለቀሰች፤ ይህኛው ልቅሶ ግን የሚያሳርፍ ነበረ።

ሰኞም ይርዳው መልሷን ሊሰማ በመጣ ጊዜ የሆነውን ሁሉ ነገረችውና «ወንድም ጋሼ፣ ያብላኝ አያብላኝ አላውቅም፤ ካሜራዬን ግን አልተውም» አለችው። እርሱም ለሱቋ ያስቀረችውን የፎቶውን ቅጂ ተቀብሎ ተመለከተና ዱቄት የለበሰ ኮቱን እያራገፈ «እንግዲያስ ፊልሙን እኔ ልግዛና እኔንም አንሺኝ» አላት።

ከሁለት ወርም በኋላ ብርቄ ፎቶውን ይዛ ከጅማ መጣችና በማርያም ደጅ ከተቀመጡት ባልቴቶች መካከል ማንንም ሳትጠይቅ ሄዳ የእናቷን ጉልበት ሳመች። አስካለም እመቤታችንን ከልጇ ከወዳጇ ጋር እያመሰገነች እናትና ልጅን አንድ ላይ አነሣቻቸው፤ በዚያን ቀን ግን አስቀድማ መጠቅለያውን ሦስት ጊዜ ዞር ዞር አድርጋ ነበር።

ይህን ተአምር የሰማችሁትን ሁላችሁን፣ የነገርናችሁንም እኛን፣ እመቤታችን በልጇ ቸርነት የእጃችንን ሥራ ትባርክልን፣ የጎደለውንም ትሙላልን፤ የወለዳችኋቸው መልካችሁን አይርሱ፤ በተጨነቃችሁም ቀን የራሱን ጉዳይ ትቶ ስለ እናንተ የሚለምን ሰው አታሳጣችሁ፤ ለዘላለሙ አሜን።