አህያ ቤት ደረሰው

ና ግባ፤ ተረት ተረት ብለን መሠረቱን ጥለናል፣ አሁን ዕጣው ላይ ነን።

ጅብ እንዳይደርስባቸው እንስሳቱ አዋጥተው ዋርካው ላይ ቤት አሠርተዋል። እንጨቱንና ሣሩን ያመላለሰው አህያ ነው። ክረምቱ ገብቷል፣ እሱም ሜዳ ማደር አንገሽግሾታል። የኮሚቴው ሰብሳቢ እመት ጦጣ ዕጣውን አወጣችና «አያ አህያ! ላይኛው ቅርንጫፍ፣ ከነበረንዳው!» ብላ ጮኸች። ጭብጨባው ቀለጠ።

አህያ ዋርካውን ሽቅብ አየና አየና፣ «እመት ጦጣ፣ ቤቱስ ቤት ነው። በምን ልውጣ?» አላት።

«ውይ አያ አህያ! የእኛ ሥራ ቤት መስጠት ነው፤ መውጣቱ የነዋሪው ድርሻ ነው። ደግሞ ፕላኑ ሲጸድቅ ኮቴህን ያወጣኸው አንተ አይደለህ?»

«ሁሉም ሲያወጣ ጊዜ ነዋ!»

«እንግዲህ!» አለችና ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረችለት።

አህያ ዞር ሲል ኤሊን አያት። «አንቺስ ለምን አልተመዘገብሽም?»

«እኔማ ስብሰባ የምመጣው ቤቴን ተሸክሜ ነው» አለችውና አንገቷን አስገባች።

ሌሎቹ እየተሳሳቁ ወደየቅርንጫፋቸው ወጡ። አህያ ግንዱን በፊት እግሩ ሞከረው፣ በኋላ እግሩም ሞከረው፤ ቅርፊቱን ልጦ ተመለሰ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቁልፉን እንዳንጠለጠለ ከዋርካው ሥር ቆሞ ነበር። ያኔ አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ብቅ አለና ጥርሱን ፈገግ አደረገለት።

«እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ፣ ቤት ደረሰህ አሉ! ምነው ታዲያ አትገባም?»