ባንክ ውስጥ ሰው የነበረው ጎሚስታ

አንድ ጎሚስታ ነበረ። ጎማ እየጠገነ የሚኖር፣ እጁ ከግራሶ የማይጠራ ሰው።

አትቁሚ ዝናሽ፣ ተቀመጪ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ገና አልደከመም። ለእናትሽ የስኳር መድኃኒት ስትገዢ የመድኃኒት ቤቱ ማሽን ሒሳቡን ከካርድሽ ላይ ሁለት ጊዜ ቆረጠብሽ። በተደገመው ገንዘብ የሚቀጥለው ወር መድኃኒት ይገዛበት ነበር። አሁን ደግሞ «ባንክ የሚሠራው ልጅዎ ይናገርልኝ ወይስ ለእግዜር ልተወው?» ብለሽ እኔ ዘንድ መጣሽ። እግዜርን ለጊዜው እንተወው፤ እሱ ብዙ ሥራ አለበት። ጎሚስታውን ስሚልኝ።

የዚህ ሰው ኮምፕሬሰር ተቃጠለበት። ጎማ የሚነፋበት መሣሪያ ነው። ጎሚስታ ያለ ኮምፕሬሰር ምን ማለት ነው? ባለመኪናው ይመጣል፣ ያያል፣ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሰውየው ደግሞ የሚያበላቸው ልጆች አሉት፣ የሱቅ ኪራይ አለበት። ደግነቱ ጋራዡን የሚዘጋ አንድ ሰው ያገለገለ ኮምፕሬሰር ሊሸጥለት ተስማማ። «ቀብዱን ዛሬ አምጣና ውሰደው፤ የቀረውን እየሠራህ ትከፍለኛለህ» አለው። ከዚህ በላይ ምን ደግነት አለ?

ቀኑ እሁድ ነው፤ ባንክ ዝግ ነው። ጎሚስታው ካርዱን ይዞ መንገድ ዳር ወዳለው የገንዘብ ማሽን ሮጠ። ማሽኑ የሱ ባንክ አይደለም፣ የሌላ ባንክ ነው፤ ካርዱን ግን ይቀበላል። ቁጥሩን ነካካ። ማሽኑ አጉረመረመ፣ አጉረመረመና ዝም አለ። ብር የሚባል ነገር የለም። ስልኩ ግን ጮኸ፤ ይህን ያህል ብር ከሒሳብዎ ወጥቷል ይላል መልእክቱ። ጉድ በይ! ከሒሳቡ ወጥቷል፣ እጁ ላይ ግን አልደረሰም። ሄዶ ሻጩን ለመነው፤ ሻጩም «እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሃለሁ» አለው።

ሰኞ ጠዋት ጎሚስታው ሁለት ስህተት ሠራ። የመጀመሪያው ትንሽ ነው። ማሽኑ ወዳለበት ባንክ ሄዶ ጮኸባቸው። እነሱም «ካርዱን የሰጠህ የራስህ ባንክ ነው፤ አቤቱታህን እዚያ አስገባ፤ ከእኛ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው» አሉት። እውነታቸውን ነው።

ሁለተኛው ስህተት ግን የሁላችንም በሽታ ነው። ወደ ራሱ ባንክ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ በመስታወቱ ቱታውን አየው፤ በግራሶ ጠቁሯል። ውስጥ ያለው ሁሉ ንጹህ ለብሷል። አፈረ። «እኔን ማን ይሰማኛል? እዚህ ቤት ሰው ያስፈልጋል» አለና ከደጁ ተመለሰ። ሰው ያስፈልጋል! ይቺን ነገር ስንት ጊዜ ሰምተሻታል? መታወቂያ ለማደስ ሰው፣ ሐኪም ለማየት ሰው። እኛ እኮ የሰልፉን መጨረሻ ከመጠየቃችን በፊት የምናውቀው ሰው እንዳለ የምንጠይቅ ጉዶች ነን።

ከሱቁ ጀርባ የሚኖር አንድ ባለ ከረባት ነበረ፤ የዚያው ባንክ ሠራተኛ። ጎሚስታው ነገሩን አጫወተው። «ይቺ ደግሞ ምን አላት! በኔ ጣለው» አለ ባለ ከረባቱ። ጎሚስታው ሸክሙ ሁሉ የወረደለት መሰለው።

በሳምንቱ የባለ ከረባቱ መኪና ጎማው ተበሳ። ጎሚስታው በእጅ ፓምፕ እየነፋ፣ ላቡን እያንጠፈጠፈ ሠራለት። «ስንት ልክፈል?» ሲለው «በሞቴ! ካንተማ አልቀበልም» አለ። ቀጥሎ የባለ ከረባቱ ወንድም መኪናውን አመጣ። ከዚያ የወንድሙ ጓደኛ መጣ። ሁሉንም በነጻ ነፋ። «የኔስ ነገር እንዴት ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ «እየተነጋገርንበት ነው፣ አይዞህ» ነበር።

ባለ ከረባቱ ቀጣፊ እንዳይመስልሽ። ሰውየው ደግ ነው። የሚሠራው ግን ብድር ክፍል ነው፤ የካርድን ነገር ካንቺ የተሻለ አያውቅም። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ላገኘው የሥራ ባልደረባው ነገረው፤ ባልደረባውም እሺ አለ፤ ሁለቱም ረሱት። በቃ፣ መነጋገር ያሉት ይሄንኑ ነው።

ወሩ አለቀ። ጎሚስታው ጎማ ውሃ ገንዳ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳውን ሲፈልግ ስልኩ ጠራ። ሻጩ ነው። «ወንድሜ፣ ጠበቅኩህ እኮ። ዛሬ ለሌላ ሰው ሰጠሁት» አለው። ጎሚስታው ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ጎማውን እዚያው ገንዳው ውስጥ ተወው፤ እጁን እንኳ ሳይታጠብ በዚያው በቱታው ባንኩ ገባ።

ሰልፍ ያዘ። ተራው ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት ስለ ቱታው አንድም ነገር አላለችም። «ጋሼ፣ አቤቱታዎን መቼ አስመዘገቡ?» ብላ ብቻ ጠየቀችው።

«ወሩን ሙሉ እየተነጋገሩበት ነው እኮ!» አላት።

ኮምፒውተሯን አየች፣ ደግማ አየች። «እዚህ ምንም የለም። በእርስዎ ስም የቀረበ አቤቱታ የለም» አለችው።

ይታይሽ እስቲ! ወሩን ሙሉ ጎሚስታው ሲብሰለሰል፣ ለባንኩ ግን ብሩን ተቀብሎ፣ ኪሱ ከትቶ በሰላም የሄደ ደንበኛ ነበር። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም የሚሉት እኮ ወደው አይደለም።

እዚያው ቆሞ አስመዘገበ። የትኛው ማሽን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሆነ፣ ስንት ብር እንደሆነ ተናገረ። መልእክቱን ከስልኩ አላጠፋውም ነበር፤ አሳያት። «እንደውልልዎታለን» ስትለው «የአቤቱታዬን ቁጥር ስጪኝና እሄዳለሁ» አላት። ሰጠችው።

ከቀናት በኋላ ጠሩት። «የማሽኑ ባንክ ገንዘቡ ተከፍሏል ብሎ መልሷል» አለችው ያቺው ልጅ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እያማረረ ቤቱ ይገባ ነበር። ጎሚስታው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እህቴ» አላት፣ «እኔ ጎማውን ውሃ ውስጥ ሳልነክር ቀዳዳ የለውም ብዬ ደንበኛ አልመልስም። ካሜራው ይታይ። የዚያን ቀን የማሽኑ ቆጠራ ይታይ። አሁንም እምቢ ካላችሁ እምቢታችሁን በጽሑፍ ስጡኝ፤ ከእናንተ በላይ ላለው አመለክታለሁ።»

አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ግን አልተነሳም። ልጅቷም «መብትዎ ነው» ብላ እንደገና ጻፈችለት።

የካሜራው ምስል በቆይታ ብዛት ጠፍቶ ተገኘ። አየሽ፣ ያኔውኑ ቢያመለክት ይደርስበት ነበር። ቆጠራው ግን ነበረ፤ ማሽኑ ውስጥ ከሚገባው በላይ ብር ተርፏል። ትርፉ የጎሚስታው ነበርና ተመለሰለት። ኮምፕሬሰሩ ግን ሄዷል። ያን ክረምት በእጅ ፓምፕ ሲነፋ ከረመ፤ ትከሻው እስከ ዛሬ ያመዋል። የማሽኑ ስህተት በጊዜ ቢናገሩት የሚታረም ነበር። ሰውየውን የጎዳው ሰው አለኝ ብሎ መቀመጡ ነው።

እንግዲህ ጎሚስታው አንቺ ነሽ፣ ባለ ከረባቱ ደግሞ የኔ ልጅ ነው። ልጄ ክፉ አይደለም። ብነግረው «እሺ አባባ» ይለኛል፤ አንቺም ያቺን እሺታ ይዘሽ ቤትሽ ትቀመጫለሽ። እሱ ይረሳል፣ አንቺ ስልክ ትጠብቂያለሽ፣ የእናትሽ መድኃኒት ያልቃል። ስለዚህ አልነግረውም! ተቀየሚኝ ከፈለግሽ። ያመጣሽውንም ማር ይዘሽው ተመለሺ፤ ልጄ የሚልሰው አላጣም።

ተነሺ፤ ባንኩ ሳይዘጋ ትደርሻለሽ። ደረሰኙ አለሽ? ሁለቱ መልእክቶችስ? እንዳታጠፊያቸው። ግን ከመሄድሽ በፊት መስኮቱ ላይ የምትናገሪውን እዚሁ እኔ ፊት ተናገሪው።

ኧረ እንደሱ አይደለም! «ይቅርታ አድርጉልኝና» ብሎ መጀመር ምን አመጣው? ምን አጠፋሽ? ቀና በይ። «ገንዘቤ ሁለት ጊዜ ተቆርጦብኛል። አቤቱታዬን መዝግቡልኝ፤ ቁጥሩንም ስጡኝ።» በይ፣ ድገሚው።

አሁንም ድምፅሽ እየለመነ ነው ልጄ። ገንዘቡ ያንቺ ነው። እንደገና።