አያ አሞርዛተርና ጭፈራ ወዳዷ ሞላ

ጆሯችሁን አቅኑልኝ! አቀናችሁ? እንግዲያው ልጀምር።

ድሮ፣ ብረት እንደ ሰው ይናገር በነበረበት ዘመን፣ ወሎ ውስጥ እንድሪስ የሚባል ሾፌር ነበረ። አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችው። አሮጌ ትሁን እንጂ ሙሽራ ታመጣለች፣ ወላድ ታደርሳለች፣ እህል ወፍጮ ቤት ትወስዳለች።

በመኪናዋ የግራ የፊት ጎማ አጠገብ ሁለት የብረት ጎረቤታሞች ይኖሩ ነበር። አንዷ እመት ሞላ ናት፤ ጥቅልል ያለች፣ ጭፈራ ወዳድ። ሌላው አያ አሞርዛተር ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ዝምተኛ፣ በሆዱ ዘይት የቋጠረ። ጉድጓድ ሲመጣ ሞላ ሸክሟን ይዛ ትዘላለች፤ አሞርዛተር «ይብቃሽ፣ እርጊ!» ብሎ ይይዛታል። እሷ ትዘላለች፣ እሱ ይይዛል። እሷ ትዘላለች፣ እሱ ይይዛል። ዘመኑ እንዲህ አለፈ።

አንድ ቀን አያ አሞርዛተር ወገቡ ላይ እርጥበት ተሰማው። ቢያይ የገዛ ዘይቱ ነው። ልቡ ድንግጥ አለ።

«እመት ሞላ፣ ዘይቴ እየፈሰሰ ነው። አቅሜ ሊከዳኝ ነው። እንድሪስ ይወቅልኝ!»

ሞላ ግን በደስታ ፈነደቀች። «እሰይ! ዕድሜ ልኬን ይዘኸኝ ኖርክ። አሁን እንደ ልቤ ልጨፍር!»

በማግስቱ መኪናዋ እንደ ጠቦት ስትዘል የእንድሪስ ሚስት ዘሃራ ከጣራው ጋር ተላተመች። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ይቺን መኪና ለመካኒክ አሳያት!»

እንድሪስ ወረደና የመኪናዋን አፍንጫ በሁለት እጁ ወደ ታች ተጭኖ ለቀቀ። ደህና መኪና አንዴ ተነሥታ ትረጋለች፤ የታመመች ግን ደጋግማ ትዘላለች። ተንኮለኛዋ ሞላ ትንፋሿን ውጣ፣ ጥርሷን ነክሳ ቀጥ አለች።

«አየሽ? ጤነኛ ናት» አለ እንድሪስ።

ሌላ ቀን ደግሞ ጎማው አለቀሰ። «ገላዬ እዚህም እዚያም ተበላ! መሬት መርገጥ አቃተኝ!» እንድሪስ ቢዳብሰው ወጣ ገባ ሆኗል። አሁንም አፍንጫዋን ተጫነ። አሁንም ሞላ ትንፋሿን ዋጠች። «መንገዱ ነው እንጂ እሷስ ደህና ናት» ብሎ ተወው።

ሦስተኛው ጊዜ ግን የሠርግ ቀን ነበር። እልልታው! ጭብጨባው! እንድሪስ የእኅቱን ልጅ፣ ሙሽራይቱን ሰዓዳን ከዘሃራ ጋር ጭኖ ቁልቁለቱን ተያያዘው።

«አጎቴ፣ ፍጠን እንጂ! ሰዎቹ እየጠበቁን ነው!» ትላለች ሰዓዳ።

«ቀስ በዪ እመት ሞላ፣ ቁልቁለት ነው!» ይላል አያ አሞርዛተር እያቃሰተ።

«ዛሬ ሠርግ ነው፣ ማን ይይዘኛል!» ትላለች ሞላ፣ ሽቅብ ቁልቁል እየዘለለች።

መታጠፊያው ላይ አንዲት አህያ ከነውርንጭላዋ መንገድ ስታቋርጥ ደረሱባት። ውርንጭላዋ ደንግጣ መሀል መንገድ ላይ ድርቅ አለች።

«ልጄን! ልጄን!» ብላ ጮኸች አህያ።

እንድሪስ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ አፍንጫዋን ደፋች፣ ተነሣች፣ ዘለለች።

«ጎማ፣ መሬቱን ያዝልኝ!» አለ ፍሬን።

«የቱን መሬት? አየር ላይ ነኝ!» አለ ጎማ።

ያኔ ሞላ ደነገጠች። ቆማ ሳለች ትንፋሽ መዋጥ ቀላል ነበር፤ በሩጫ ላይ ግን ራሷን መግታት አቃታት። «አያ አሞርዛተር! ያዘኝ! በሞቴ ያዘኝ!»

አያ አሞርዛተር ቂም አልያዘም። በሆዱ የቀረችውን ጠብታ ሁሉ ሰበሰበ። «እርጊ!» አለና ባለ በሌለ ኃይሉ ጭምቅ አድርጎ ያዛት። ጎማው መሬት ነካ። ፍሬኑ ነከሰ። መኪናዋ እየተንሸራተተች ሄዳ ቆመች፤ ውርንጭላዋ አፍንጫ ሥር! ወዲያው «ኳ!» አለ። የአያ አሞርዛተር ወገብ ተሰበረ።

ከዚያ ሰዓዳ ከነቀሚሷ ወርዳ ውርንጭላዋን አንገቷን አቀፈቻትና እልልታዋን አቀለጠችው! ዘሃራ ተቀበለቻት፣ ተራራው ተቀበላቸው።

«ልጄን አትርፋችሁልኛል፤ ሙሽራዋን እኔ ልሸከም» አለች አህያ። ሰዓዳም በአህያ ጀርባ፣ ውርንጭላዋን አስከትላ ሠርጓ ቤት ገባች። የሙሽራው ወገኖች በሳቅ ፈረሱ፤ በቅሎ የለመደ ደጃፍ ሁሉ ለአህያ ጨፈረ።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ መካኒኩ ደምሰው ሁለት አዳዲስ አሞርዛተሮች ይዞ መጣ። በቀኙ ጎማ በኩል ያለው አሮጌ አሞርዛተር «የእኔ ዘይት ገና አልፈሰሰም!» ብሎ ተቆጣ።

«ጎረምሳ በሬ ከሽማግሌ በሬ ጋር ቢጠመድ ትልሙ ይጣመማል» አለው ደምሰው። «ጥንድ የሚለወጠው በጥንድ ነው። አንተም ደክመሃል፣ እረፍ።»

እመት ሞላ ጎረቤቷ ተፈቶ ሲወጣ አይታ አለቀሰች። ወደ አዲሱም ዞራ «ልጄ፣ ስዘል ያዘኝ። ብቆጣህም እንዳትለቀኝ» አለችው።

ተረቴ እዚህ ላይ አረፈች፤ እናንተም በደህና እረፉ። ዘላዩን ሁሉ ያየዋል፤ ያዢው የሚታወቀው የጎደለ ለታ ነው።