አንድ መልስ፣ ሁለት ማርክ

ተረት ተረት፣ ያልሰማ ይደር ያለ እራት።

ጅብ የእንስሳት ትምህርት ቤት ፈታኝ ሆኖ ተሾመ። በፈተናው የወደቀ ተማሪ ከለምለሙ መስክ ይባረር ነበር። ጅቡ በዋሻው ውስጥ የበቀለ ባቄላ እያሳየ፣ “ይኼ ለምን ገረጣ? በምንስ ይረጋገጣል?” እያለ ተማሪዎቹን ተራ በተራ ይጠይቃል።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ጅቡ ገና ቁርስ ሳይቀምስ፣ እልኸኛዋ ፍየል ገባች።

“ጨለማው ይመስለኛል። ሁለት ባቄላ በአንድ ዓይነት አፈር እተክልና ውሃቸውንም እኩል አጠጣለሁ። አንዱን ጨለማ፣ አንዱን ፀሐይ ላይ አድርጌ አያለሁ።”

“ዜሮ። ውጪልኝ።”

ፍየሏ ወጥታ ተራዋን ለምትጠብቀው በግ መልሷን አስጠናቻት። በግ የነገሯትን ሳትጨምር ሳትቀንስ የምትደግም ናት። ከምሳ በኋላ፣ ጅቡ ጠግቦ ጥርሱን ሲጎረጉር ገብታ ያንኑ አለችው።

“አቤት ጭንቅላት። ሙሉ ማርክ” አላት።

ይኼኔ ፍየሏ ዘላ ገባች። “ጌታው፣ ቃል በቃል የኔ መልስ ነው። ከጠዋት ወዲህ የተለወጠው የእርስዎ ሆድ ብቻ ነው።”

“ፈታኝ አይፈተንም” አለ ጅቡ።

“እንግዲያው መጀመሪያ ፈተናው ራሱ ይለፍ። ያን ጊዜ እኛም እንቀመጥለታለን።”

ይህን ብላ ወጣች። ደጅ የነበሩት ሁሉ ተከተሏት፤ በግም ሙሉ ማርኳን ጥላ ሄደች። ጅቡ፣ “ባለተራ ይግባ” እያለ ቢጣራ ቢጣራ፣ ቃል በቃል የመለሰለት የገደል ማሚቶ ብቻ ነበር።

ተረቴን መልሱ፣ ለፈታኞቹም አድርሱ።