ሰባት ቤት የሚቆጠርለት ውሻ

ምላሷ ከምላጭ የሚስል አንዲት የጉልት ነጋዴ፣ ትኩሳት የያዘውን ሕፃኗን አዝላ ጤና ጣቢያ ለመድረስ አውቶቡስ ተሳፈረች። ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል። አንዱ ላይ ግን ነጭ ጸጉራም ውሻ ተንፈላስሷል፤ አጠገቡ የውሻው ጌታ አቶ ክብረት፣ መኪናቸው የተበላሸባቸው የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ደረታቸውን ነፍተው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ውሻውን ቢያነሱልኝና ልጄን ይዤ ብቀመጥ?» አለቻቸው።

«ወግጂ!» ብለው ሲጮኹ ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ። «ይኸው፣ ውሻዬን አስበረገግሽብኝ! የሰፈር ውሻ መሰለሽ እንዴ? ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ዘሩ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ፣ ወረቀቱ እጄ ላይ አለ። አንቺ የዚህን ልጅ አያት እንኳ ታውቂያለሽ? እስቲ ተናገሪ!»

ሴትዮዋ አንቀልባዋን ጠበቅ አደረገችና ውሻውን አየች፤ ቀጥላም ሰውዬውን አየች።

«የልጄን አያትማ አውቃለሁ፣ ጌታዬ። ሰባት ቤት ድረስ ግን እኛ የምንቆጥረው ለጋብቻ ነው፤ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ። ለመሆኑ እርስዎና ውሻው ስትቆጠሩ፣ ስንተኛው ቤት ላይ ተገናኛችሁ?»